በሕክምና ጽሑፎች ቋት ውስጥ ትክክለኛውን ርእሰ ጉዳይ ስለ መምረጥ፦ ከመንዝና ከመርሐቤቴ የበሽታ ስሞች አንጻር

1. መግቢያ

በአማርኛ የበሽታ ስሞች ላይ የሚሠራ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ዘወትር የሚያጋጥመው አንድ ችግር አለ። ይኸውም ሕዝቡ በአንድ ቃል የሚጠራውን ሕመም የሕክምና ሳይንስ ሁለትና ሦስት አድርጎ ሲከፍለው፣ ሕዝቡ ለያይቶ የሚጠራውን ደግሞ ሳይንሱ በአንድ ስም ሲጠቀልለው መገኘቱ ነው። ይህ ችግር በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ሲታይ የትርጓሜ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። የጤና ባለሙያው የሕክምና ጽሑፎች ወደ ተከማቹበት የመረጃ ቋት ገብቶ ጥናት በሚፈልግበት ጊዜ ግን ያው ችግር ሌላ መልክ ይይዛል። የማይስማማ ስም ይዞ የገባ ፈላጊ ወይ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ አለዚያም የሌላ በሽታ ጥናት ተሸክሞ ይወጣል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል። ባዶ እጁን የተመለሰው ቢያንስ እንዳላገኘ ያውቃልና።

ይህ ጽሑፍ ርእሰ ጉዳይ ማለት ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚመረጥና አማርኛ ተናጋሪው ፈላጊ በየት በኩል እንደሚሰናከል ለማብራራት የተዘጋጀ ነው። የቃላት አጥኚዎች እንጂ ሐኪሞች ስላይደለን የምንመረምረው የበሽታዎቹን ስም ነው፤ አያያዛቸውን የምንጠቅሰው የስሙ ስሕተት የሚያስከትለውን ጉዳት ለማሳየት ያህል ብቻ ይሆናል።

ምሳሌዎቻችንን የወሰድነው ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ደጋ ነው። የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ከተማ በሆነችው በዘመሮ የሚያገለግል አንድ የጤና ባለሙያ በአንድ የገበያ ቀን የደጋውንም የቆላውንም ሕመም ሊያይ ይችላል። ደጋው ገብስና በግ የሚበዛበት፣ ብርዱ የሱፍ ልብስ የሚያስደርብ አገር ነው፤ የወንጭትና የአዳባይ ሸለቆዎች ግን ቆላ ናቸው። ስለዚህ «ትኩሳት ጣለኝ» ብሎ የመጣውን ሰው ሕመም ቅማል ያመጣው ይሁን ወይም የወባ ትንኝ፣ ወይስ የተበከለ ውሃ፣ መለየት ግድ ይላል። ሰውየው ግን ለሦስቱም አንድ ቃል ብቻ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

2. ስለ ስያሜው

«ርእስ» የሚለው ቃል በአማርኛ ብዙ ሥራ አለበት። የመጽሐፍ መጠሪያ ርእስ ይባላል። ከዚህም ሌላ ርእሰ አንቀጽ፣ ርእሰ መምህር፣ ርእሰ ከተማ እንላለን። በዚህ ጽሑፍ «ርእሰ ጉዳይ» ስንል አንድ ጽሑፍ ስለ ምን እንደሚናገር ለማመልከት በቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ወይም በኮምፒዩተር የሚሰጠውን፣ አስቀድሞ ከተወሰነ መዝገብ የተወሰደ ስም ማለታችን ነው። ከጽሑፉ መጠሪያ ጋር አንድ አይደለም፤ ደራሲው በመጠሪያው ላይ ያልጠቀሰው ጉዳይ ርእሰ ጉዳይ ሆኖ ሊሰጠው ይችላል።

ከ«ቁልፍ ቃል»ም መለየት ይኖርበታል። ቁልፍ ቃል ደራሲው ወይም ፈላጊው እንደ ወደደው የሚመርጠው ነው። አንዱ ደራሲ «ካንሰር» ቢል፣ ሌላው «ዕጢ»፣ ሦስተኛው «ነቀርሳ» ቢል ከልካይ የለውም። ርእሰ ጉዳይ ግን ሦስቱን ሁሉ ወደ አንድ ስም ይሰበስባል። «ቋት» የሚለውን ቃል ያወጡልን ሰዎች ከወፍጮ ቤት መውሰዳቸው ለዚህ ማብራሪያ የተመቸ ነው። ገብሱም ጤፉም ባቄላውም በአንድ ቋት ውስጥ ቢወርድ ዱቄቱን መለየት አይቻልም። ርእሰ ጉዳይ ለእያንዳንዱ እህል የተለየ ስልቻ አዘጋጅቶ ስሙን በላዩ ላይ እንደ መጻፍ ያለ ሥራ ነው።

3. የመዝገቡ ታሪክና አወቃቀር

በሕክምናው ዓለም በሰፊው የሚሠራበት የርእሰ ጉዳይ መዝገብ የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የሚያዘጋጀው፣ በአጭር ስሙ «ሜሽ» የሚባለው ነው። ሥሩ ጥንታዊ ነው። ጆን ሾው ቢሊንግስ «ኢንዴክስ ሜዲከስ» የተባለውን የሕክምና ጽሑፎች ማውጫ እ.ኤ.አ. በ1879 ጀመረ። ሜሽ ራሱ በዚህ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1960 ሲሆን በዚያን ጊዜ የያዛቸው ርእሶች ከ4,000 ጥቂት የሚበልጡ ነበሩ፤ ዛሬ ወደ 30,000 ደርሰዋል። ማውጫው እ.ኤ.አ. በ1971 «ሜድላይን» በሚል ስም በስልክ መስመር አማካይነት በኮምፒዩተር የሚፈለግ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ «ፐብሜድ» በተባለው ገጽ በኩል ለማንም ያለ ክፍያ ተከፈተ። የወረቀቱ ኢንዴክስ ሜዲከስ እ.ኤ.አ. በ2004 መታተሙን አቆመ። በአሁኑ ጊዜ ፐብሜድ ከ35 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎችን ይጠቁማል።

መዝገቡ እንደ ዛፍ የተዋቀረ ነው። ከግንዱ ቅርንጫፍ፣ ከቅርንጫፉ ዘለላ ይወጣል። ለምሳሌ ከበሽታዎች ግንድ የተላላፊ በሽታዎች ቅርንጫፍ፣ ከዚያም የባክቴሪያ በሽታዎች፣ ከዚያም የሳልሞኔላ በሽታዎች፣ በመጨረሻም ታይፎይድ ይገኛል። አንድ ርእስ ከአንድ በላይ በሆነ ቅርንጫፍ ላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ የሳንባ ቲቢ ከተላላፊ በሽታዎችም ከመተንፈሻ አካላት በሽታዎችም ዘንድ ይገኛል። ፈላጊው በላይኛው ርእስ ሲፈልግ ፐብሜድ ከሥሩ ያሉትን ዘለላዎች ሁሉ አብሮ ያመጣለታል። ስለዚህ ሰፊውን ርእስ የመረጠ ብዙ ጽሑፍ ያገኛል፣ ጠባቡን የመረጠ ጥቂት ያገኛል፤ የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው ጥያቄው ነው።

ለእያንዳንዱ ርእስ ሦስት ነገሮች ይከተሉታል። የመጀመሪያው ማብራሪያው ነው፤ ርእሱ ምን እንደሚያካትትና ምን እንደማያካትት በአጭሩ ይነግራል። ሁለተኛው የመሪ ቃላት ዝርዝር ነው፤ እነዚህ ራሳቸው ርእስ ሳይሆኑ ወደ ርእሱ የሚያደርሱ ተመሳሳይ ስሞች ናቸው። ሦስተኛው ንኡስ ርእስ ነው፤ ንኡሳን ርእሶቹ ከ70 በላይ ሲሆኑ «የሕክምና ጥቅም»፣ «ጎጂ ውጤት»፣ «ሥርጭት»፣ «ምርመራ»፣ «መከላከል» እንደሚሉት ያሉ ናቸው፤ ጉዳዩ ከየትኛው ገጽታ እንደ ታየ ያመለክታሉ።

አማርኛ ተናጋሪው የሚሰናከለው እንግዲህ በመሪ ቃላቱ ዘንድ ነው። የእንግሊዝኛ ተናጋሪው የሰፈሩን ስም ቢጽፍ ብዙ ጊዜ መሪ ቃሉ ተቀብሎ ወደ ርእሱ ያደርሰዋል። የመንዙ ገበሬ ቃል ግን ከመሪ ቃላቱ ውስጥ ስለሌለ ከደጅ ይቀራል። ድልድዩን የሚሠራው ፈላጊው ራሱ ነው።

4. ስሞቹና ርእሶቻቸው

4.1. ተስቦ እና ግርሻ

«ተስቦ» በደጋው አገር ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ የሚጥል ብርቱ ትኩሳት ነው። በሳይንሱ ዘንድ ከዚህ ቃል ጋር የሚዛመዱ ቢያንስ ሦስት በሽታዎች አሉ። አንደኛው በልብስ ቅማል የሚተላለፈው ታይፈስ ሲሆን ርእሱ «ታይፈስ፣ ኤፒደሚክ ላውስ-ቦርን» ነው፤ ከሪኬትሲያ ቅርንጫፍ ይገኛል። ሁለተኛው በተበከለ ምግብና ውሃ የሚመጣው፣ አንዳንዶች «የአንጀት ተስቦ» የሚሉት «ታይፎይድ ፊቨር» ነው፤ ከሳልሞኔላ ቅርንጫፍ ይገኛል። ሦስተኛው ለቀቅ አድርጎ ከቀናት በኋላ የሚመለሰው፣ ሕዝቡ «ግርሻ» በሚለው ቃል የሚያመለክተው «ሪላፕሲንግ ፊቨር» ነው፤ ከቦሬሊያ ቅርንጫፍ ይገኛል።

የስሞቹ መደባለቅ የአማርኛ ጉድለት ተደርጎ መታየት አይገባውም። «ታይፎይድ» ማለት ራሱ «ታይፈስ የሚመስል» ማለት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካም ሐኪሞች ሁለቱን እስከ 19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ ያደባልቁ ነበር፤ ዊልያም ጌርሃርድ በፊላደልፊያ ለያይቶ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1837 ነው። ታይፈስ በቅማል እንደሚተላለፍ ሻርል ኒኮል በቱኒስ ያረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1909 ሲሆን ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1928 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ዛሬም በጀርመንኛ «ቲፉስ» የሚለው ስም የሚጠራው ታይፎይድን ነው፤ የቅማሉ ታይፈስ ሌላ የራሱ ስም አለው። የጀርመንኛ ጽሑፍ መጠሪያ አይቶ ብቻ የሚመርጥ ሰው በቀላሉ ይሳሳታል፤ ርእሰ ጉዳዩን የተከተለ ግን አይሳሳትም።

በአገራችን ይህ ልዩነት የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። በየጤና ተቋሙ «ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘብኝ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ይህ ውጤት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ዊዳልና ዊል-ፌሊክስ በተባሉት የደም ምርመራዎች ሲሆን፣ ሁለቱም ብቻቸውን በሽታውን በእርግጠኝነት ለመለየት የማይበቁ ናቸው። የምርመራዎቹን አስተማማኝነት መመርመር የሚፈልግ ባለሙያ «ታይፎይድ ፊቨር» በሚለው ርእስ ላይ «ምርመራ» የሚለውን ንኡስ ርእስ ጨምሮ «ዊዳል» የሚለውን ቃል ቢያክልበት ወደሚፈልገው ይደርሳል። «ትኩሳት» በሚለው ሰፊ ርእስ ብቻ የገባ ግን በሺህ በሚቆጠር ጽሑፍ ውስጥ ይሰጥማል።

«ሪላፕሲንግ ፊቨር» የሚለው ርእስ ደግሞ የራሱ ጥንቃቄ ያሻዋል። በቅማል የሚተላለፈውንም በመዥገር የሚተላለፈውንም ያጠቃልላል። የኢትዮጵያ ደጋ የቅማሉ ዐይነት ሲሆን፣ አገራችን በሽታው ከዓለም ባልጠፋባቸው ጥቂት ቦታዎች መካከል ናት። እ.ኤ.አ. በ1970 በኢትዮጵያ ውስጥ በ62 ሕሙማን ላይ የተደረገ ዝርዝር ጥናት ታትሟል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ከምሥራቅ አፍሪካ ወደ አውሮፓ በተሰደዱ ሰዎች ላይ በሽታው ታይቶ ብዙ ተጽፎበታል። ሁለቱንም በአንድነት ለማግኘት ርእሱን ከ«ፔዲኩለስ»፣ ማለት ከቅማል ርእስ ጋር ማጣመር ይጠቅማል።

ከቆላ የመጣው «ንዳድ» ወይም «ወባ» ከነዚህ ሁሉ ይለያል፤ ርእሱ «ማሌሪያ» ሲሆን ቅርንጫፉም የጥገኛ ሕዋሳት ነው። ደገኛው ወባን የቆላ በሽታ ብቻ አድርጎ ቢያየውም እ.ኤ.አ. በ1958 የተነሣው ወረርሽኝ ከፍ ያሉ አገሮችን ሳይቀር አዳርሶ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው እንዳመመና ወደ 150,000 ሰው እንደ ፈጀ ተገምቷል። ስለዚህ ወረርሽኝ የተጻፈውን የሚሻ «ማሌሪያ»ን ከ«ኢትዮጵያ» ጋር አጣምሮ ዘመኑን ወደ ኋላ መክፈት ይኖርበታል፤ በቅርብ ዓመታት ብቻ የወሰነ አያገኘውም።

4.2. ዝሆኔ

ስሕተቱ በግልጽ ጉዳት የሚያመጣበት ቃል ይህ ነው። «ዝሆኔ» እግርን የሚያሳብጥና ቆዳን የሚያሻክር በሽታ ስም ነው። ሜሽ ግን ሁለት ርእስ ይዟል። «ኤሌፋንታያሲስ፣ ፊላሪያል» የሚለው በትንኝ የሚተላለፍ ትል የሚያመጣው ነው። «ኤሌፋንታያሲስ» የሚለው ደግሞ፣ ማብራሪያው እንደሚለው፣ ከፊላሪያ ትል ሌላ በሆነ ምክንያት የሚመጣው ነው። ስሙን ብቻ ያየ ሰው የመጀመሪያውን የሁለተኛው ዘለላ አድርጎ ሊገምተው ይችላል፤ ማብራሪያውን ያነበበ ግን ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ይረዳል።

በኢትዮጵያ ደጋ በቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚሄደውን ገበሬ የሚይዘው ሁለተኛው ዐይነት ነው። በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ከአፈሩ ጋር ያለውን ዝምድና አጥንቶ «ፖዶኮኒዮሲስ» ብሎ ሰየመው፤ ቃሉ ከግሪክኛ «እግር» እና «አቧራ» የተገኘ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ችላ ከተባሉት የሐሩር አገር በሽታዎች መካከል ቈጥሮታል። ለፊላሪያው ትል በጅምላ የሚታደለው መድኃኒት ለአፈሩ ዝሆኔ አይረዳም፤ ይህን የሚከላከለው ጫማና የእግር ንጽሕና ነው። እንግዲህ በፊላሪያው ርእስ ገብቶ ያገኘውን ሁሉ ለደጋው ሕመምተኛ የሚያውል ባለሙያ ለማይሠራ መድኃኒት ደጋፊ ማስረጃ ይዞ ይወጣል ማለት ነው። ለዚህ ጥያቄ «ኤሌፋንታያሲስ» የሚለውን ርእስ «ወይም» በሚለው ማያያዣ «ፖዶኮኒዮሲስ» ከሚለው ቃል ጋር ማጣመርና የፊላሪያውን ለይቶ ማስቀረት ይገባል።

4.3. ነቀርሳ

«የሳንባ ነቀርሳ» በቀደሙት የጤና ጽሑፎች የሳንባ ቲቢ ነው። «የጡት ነቀርሳ» ሲባል ግን ካንሰር ነው። አንዱ ቃል ሁለት ሥራ ስለ ያዘ፣ ዛሬ «የሳንባ ነቀርሳ» የሚለውን የሰማ ሰው የሳንባ ካንሰር መስሎት ሊደነግጥ፣ ወይም በተቃራኒው ሊዘናጋ ይችላል። በመዝገቡ የመጀመሪያው «ቱበርኩሎሲስ፣ ፐልሞናሪ» ሲሆን ሁለተኛው «ላንግ ኒዮፕላዝምስ» ነው። ሜሽ ለካንሰር የሚጠቀምበት ስም «ኒዮፕላዝም»፣ ማለት «አዲስ እድገት» መሆኑንም ፈላጊው ልብ ሊል ይገባዋል። የአማርኛ ጽሑፍ ለሚያዘጋጁ ሰዎች የምናቀርበው አሳብ «ነቀርሳ»ን ብቻውን ትተው «ቲቢ» ወይም «ካንሰር» ብለው ለይተው እንዲጽፉ ነው።

4.4. ኮሶ

«ኮሶ» በአንድ ቃል ዛፉንም፣ ከአበባው የሚገኘውን መድኃኒትም፣ በመድኃኒቱ የሚወርደውንም ትል ይጠራል። ማንም ሰው «ኮሶ ጠጣሁ» እና «ኮሶ አለብኝ» በሚሉት መካከል አይሳሳትም፤ ግሡ ይለይለታልና። ቋቱ ግን ግሥ አይጠይቅም። ስለዚህ ትሉ ከተፈለገ «ቲኒያ ሳጂናታ»፣ በሽታው ከተፈለገ «ቲኒያሲስ»፣ መድኃኒቱ ከተፈለገ የዛፉ የላቲን ስም «ሃጌኒያ አቢሲኒካ» ከ«አንተልሚንቲክስ»፣ ማለት ከትል መድኃኒቶች ርእስ ጋር መያዝ አለበት። በ19ኛው መቶ ዘመን ኮሶ ወደ አውሮፓ ተወስዶ በመድኃኒት ቤት ይሸጥ ስለ ነበር በዚያን ጊዜ ጽሑፎች ውስጥ «ኩሶ» እና «ብራዬራ አንተልሚንቲካ» በሚሉ ስሞችም ይገኛል።

የንኡሳን ርእሶች ጥቅም ከዚህ ቃል ላይ በደንብ ይታያል። ኮሶ ትልን ማስወጣቱን የሚጠይቅ «የሕክምና ጥቅም» የሚለውን ይጨምራል። መጠኑ የበዛ ኮሶ በዐይን ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚጠይቅ ግን «ጎጂ ውጤት» ወይም «መመረዝ» የሚሉትን መጨመር አለበት። የመጀመሪያውን ብቻ የፈለገ ሰው ያገኘው ምስክርነት ሁሉ ለኮሶ የሚያደላ ይሆንበታል።

4.5. ጓያ እና ሲናር

በሰሜን ሸዋ ወይና ደጋ፣ በተለይም ዝናብ ባጠረበት ዓመት፣ ጓያ ሌላው እህል ሲጠፋ የሚተርፍ ጥራጥሬ ነው። ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የተመገበውን ሰው ግን እግሩን ያሽመደምደዋል። ርእሱ «ላቲሪዝም» ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ያደረጉት ሰፊ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሞ በዚህ ርእስ ይገኛል። ፈላጊው በምልክቱ ተመርቶ «የእግር ሽባነት» ብሎ ቢጀምር ወደ «ፓራፓሬሲስ፣ ትሮፒካል ስፓስቲክ» ሊደርስ ይችላል፤ ይህ ግን ቫይረስ የሚያመጣው ሌላ በሽታ ነው። በሌላ በኩል «ላቲሪዝም» በሚለው ርእስ ሥር በአይጦች አጥንትና ሥጋ ላይ የተደረጉ ብዙ የቤተ ሙከራ ጥናቶች ስለሚገኙ «ሰዎች» የሚለውን ማጥበቢያ መጨመር ይረዳል።

በገብስ ውስጥ የሚበቅለው ሲናር ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1977–78 በመንዝ ጎረቤት በወሎ በሲናር ላይ የሚያድግ መርዛም ፈንገስ ከእህሉ ጋር ተበልቶ የብዙ ሰዎችን እግር አድርቆ ጣለ፤ ብዙዎችም ሞቱ። ርእሱ «ኤርጎቲዝም» ነው። የበሽታውን ስም የማያውቅ ባለሙያ በ«ጋንግሪን» ርእስ ቢገባ ስለ ስኳር በሽታና ስለ ቊስል ብዙ ያነባል፤ «የምግብ መመረዝ»ን ከሱ ጋር ማጣመር ካላሰበ ግን ወደ መንሥኤው አይደርስም። ከዚህ የምንማረው፣ የበሽታው ስም ባልታወቀ ጊዜ ምልክቱን ብቻ ሳይሆን የተጠረጠረውን ምክንያት ጭምር ወደ ርእስ መለወጥ እንደሚገባ ነው።

4.6. ምች

«ምች» በመዝገቡ ውስጥ አቻ የለውም። ፀሐይ ወይም ሽታ መታው ተብሎ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የከንፈር ቊስል የሚያመጣ ሕመም ነው፤ መድኃኒቱም ዳማከሴ ነው። እንዲህ ያለውን ቃል በአንድ ርእስ ለመተርጐም መሞከር ቃሉን መስበር ይሆናል። የሚሻለው ወደ ክፍሎቹ መበተን ነው፦ የከንፈር ቊስሉ «ኸርፒስ ሌቢያሊስ»፣ ትኩሳቱ «ፊቨር»፣ ሕክምናው «ሜዲስን፣ አፍሪካን ትራዲሽናል»፣ ተክሉም በላቲን ስሙ «ኦሲመም ላሚፎልየም» ይፈለጋል። «የሳንባ ምች» የሚባለው ግን ከዚህ ጋር የስም እንጂ የነገር ዝምድና የለውም፤ ርእሱ «ኒሞኒያ» ነው።

5. የአፈላለግ ሥርዓት

ከላይ ከታዩት ምሳሌዎች የሚከተለው ቅደም ተከተል ይወጣል።

አንደኛ፣ ጥያቄውን በአማርኛ በአንድ ዐረፍተ ነገር መጻፍ። ጥያቄው በገዛ ቋንቋ ካልጠራ በሌላ ቋንቋ አይጠራም።

ሁለተኛ፣ ዐረፍተ ነገሩን ወደ ሁለትና ሦስት ጽንሰ አሳቦች መክፈል፦ በሽታው፣ የሚፈለገው ገጽታ፣ ሰዎቹ ወይም ቦታው።

ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ጽንሰ አሳብ የሕዝቡን ስም፣ የጤና ተቋሙን ስምና የሳይንሱን ስም ጎን ለጎን ማስፈር።

አራተኛ፣ የሳይንሱን ስም በመዝገቡ ውስጥ ፈልጎ ማብራሪያውን እስከ መጨረሻ ማንበብ፤ ከዚያም በዛፉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች አይቶ የሚስማማውን ስፋት መምረጥ።

አምስተኛ፣ ተመሳሳዮቹን «ወይም» በሚለው፣ የተለያዩትን ጽንሰ አሳቦች «እና» በሚለው ማያያዝ።

ስድስተኛ፣ ከርእሱ ጋር ተራ ቃልም መጨመር። አዲስ የገቡ ጽሑፎች ርእስ እስኪሰጣቸው ድረስ በርእስ ብቻ ሲፈለጉ አይገኙም። መዝገቡ ራሱም ከበሽታው በኋላ ነው የሚመጣው፤ ኤድስ በመዝገቡ ርእስ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው።

ሰባተኛ፣ ጥያቄውን በሚገባ የሚመልስ አንድ ጽሑፍ ከተገኘ የተሰጡትን ርእሶች ማየት። የቤተ መጻሕፍቱ ሰው ወይም ኮምፒዩተሩ ነገሩን በምን ስም እንደ ጠራው ያንጊዜ ይታወቃል፤ በዚያው ስም ተመልሶ መፈለግ ይቻላል።

የቦታ ስምም ጥንቃቄ ይጠይቃል። «ኢትዮጵያ» ከምሥራቅ አፍሪካ ዘለላ ሥር የራሷ ርእስ አላት፤ መንዝ፣ ግሼ፣ መርሐቤቴም ሆኑ ዘመሮ ግን የላቸውም። ስለዚህ በተራ ቃል መፈለግ አለባቸው። በላቲን ፊደል «ሸዋ» አንድ ጊዜ «ሼዋ»፣ ሌላ ጊዜ «ሾዋ» ተብሎ እንደሚነበብ ሆኖ ይጻፋል፤ «መንዝ»ም እንዲሁ «ማንዝ» ይሆናል። አጻጻፎቹን ሁሉ «ወይም» በሚለው ማገናኘት ያስፈልጋል። በቦታው ስም ምንም ካልተገኘ ችግሩ የጥናት አለመኖር ነው ብሎ ከመደምደም በፊት ከፍታውንና አየሩን የሚመስል ሌላ የኢትዮጵያ ደጋ ቢፈለግ ይመረጣል።

6. ከጸሐፊውና ከቃላት አጥኚው የሚጠበቀው

እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ በሜድላይን ውስጥ ለሚገቡ ጽሑፎች ርእስ የሚሰጠው በኮምፒዩተር ነው፤ ኮምፒዩተሩም በዋናነት የሚያነበው መጠሪያውንና አጽሕሮቱን ነው። ከዚህ የተነሣ የኢትዮጵያ ተመራማሪ በአጽሕሮቱ ውስጥ የሚጽፈው ስም ጽሑፉ የሚቀመጥበትን ቦታ ይወስናል። «በምች ላይ የተደረገ ጥናት» ብሎ ብቻ የጻፈ ጥናቱን ከማንም ዐይን ይሸሽጋል። የሳይንሱን ስም ብቻ የጻፈ ደግሞ ሕዝቡ የጠቆመውን ነገር ያጠፋል። የአገሩን ስም በላቲን ፊደል፣ የሳይንሱን ስም ከጎኑ አድርጎ ሁለቱን በአጽሕሮቱ ውስጥ ማስገባት ሁለቱንም ጉዳት ያስቀራል።

የስፓኝና የፖርቱጋል ቋንቋ ተናጋሪዎች ብራዚል ውስጥ ባለ ማእከል አማካይነት የሜሽን ርእሶች ወደ ቋንቋቸው መልሰዋል፤ የራሳቸውንም ርእሶች ጨምረዋል። ለአማርኛ 30,000 ርእስ መተርጐም ለጊዜው የሚያስቸኩል ሆኖ አይታየንም። የሚያስቸኩለው በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄድ መጠነኛ መሪ መዝገብ ነው፤ ከሕዝቡ ቃል ተነሥቶ ወደ ርእሱ የሚያደርስ። ለናሙና ያህል አንዱን እናቅርብ።

ዝሆኔ (ስም)። እግርን አሳብጦ ቆዳን የሚያሻክር በሽታ። (ሀ) በደጋ፣ በአፈር ምክንያት የሚመጣ፦ ርእስ «ኤሌፋንታያሲስ»፤ ተጨማሪ ቃል «ፖዶኮኒዮሲስ»። (ለ) በቆላ፣ በትል ምክንያት የሚመጣ፦ ርእስ «ኤሌፋንታያሲስ፣ ፊላሪያል»። ጥንቃቄ፦ (ሀ) እና (ለ) በሕክምና አይተካኩም።

እንዲህ ያለው መዝገብ የቃሉን ፍቺ፣ የሚነገርበትን አካባቢ፣ ርእሱንና ጥንቃቄውን በአራት መስመር ይይዛል። ሥራው ግን ከአዲስ አበባ ሆኖ የሚያልቅ አይደለም። አንድ ቃል በዘመሮ የያዘው ፍቺ በዓለም ከተማ ላይ ሊለወጥ ይችላልና በየወረዳው ያለ የጤና ባለሙያ ሕመምተኛው የሚናገረውን ቃል፣ ቃሉ የተነገረበትን ምልክትና በምርመራ የተገኘውን በሽታ ሦስቱን አያይዞ መመዝገብ ይኖርበታል። በየአካባቢያችሁ «ተስቦ»፣ «ግርሻ» እና «ምች» ምን ምን እንደሚባልባቸው፣ ከነዚህም ሌላ በየትኛውም መዝገበ ቃላት ያላያችኋቸውን የበሽታ ስሞች ከነፍቻቸው ብትልኩልን በሚቀጥሉት እትሞች እየመረመርን ርእሳቸውን ጨምረን እናወጣቸዋለን።